አምስት ሺህ አርባ አንደኛዋ ክር

የእማማ ድፍን የቀኝ እጅ ጠቋሚ ጣት ከእሷ ቀድሞ አርጅቷል። ሠላሳ አንድ ዓመት ክር ሲቆጥር የኖረ ጣት ስለሆነ ጫፉ ተልጦ፣ መስመሩ ጠፍቶ፣ ልስልስ ያለ ጠጠር መስሏል። አንድ ጊዜ መታወቂያ ልታሳድስ ሄዳ አሻራ ስትሰጥ ወረቀቱ ላይ የወጣው መስመር የሌለው ጥቁር ክብ ነበር። ጸሐፊው ሦስት ጊዜ አስደጋገማትና ሲሰለቸው፣ አሻራዎን የት ጣሉት ብሎ ጠየቃት። ሥራ ቦታ ረስቼው መጣሁ አለችው። ተሰላፊው ሁሉ ሳቀ፤ እሷ ግን የምሯን ነበር።

ሥራዋ በአንድ የሽመና ፋብሪካ ውስጥ ድር መቁጠር ነው። ጨርቅ ሲሸመን ቁመቱን የሚይዙት ክሮች ድር ይባላሉ፤ በመሃላቸው ወዲያና ወዲህ የሚመላለሰው ማግ ነው። ማጉን ማሽኑ ራሱ ይወረውረዋል፤ ድሩን ግን ማሽኑ ላይ ከመውጣቱ በፊት ሰው ተቀምጦ ይቆጥረዋል። ክሮቹ ከላይ ወደ ታች እንደ ዝናብ ተወጥረው ይዘረጋሉ። ቆጣሪዋ ዝቅ ያለች በርጩማዋ ላይ ተቀምጣ፣ ሰባ ክር በቆጠረች ቁጥር በቀይ ክር አንድ እስር ታስራለች። ሰባ ሁለት እስር ሞልቶ አንድም ክር ካልተረፈ «ድፍን!» ብላ ትጣራለች፤ ያኔ አለቃው መጥቶ ወረቀቱ ላይ ይፈርማል። ትርፍ ወይም ጎዶሎ ከመጣ ግን ማንም አይፈርምም፤ ቆጣሪዋ ደክሟታል ይባልና እንደገና ይጀመራል። ያንን ቃል እንደ እሷ ብዙ ጊዜ የተጣራ ስለሌለ ስሟ ሆኖ ቀረ። እናትና አባቷ ያወጡላት ስም ያለው መታወቂያዋ ላይ ብቻ ነው።

የፋብሪካው ድር ሁሉ አምስት ሺህ አርባ ክር ነው። ይህን ቁጥር ማን እንደመረጠው የሚያውቅ የለም፤ የመረጠው ሰው ግን ጭንቅላት ነበረው። ለሁለት ቢከፍሉት ይከፈላል፤ ለሦስት ይከፈላል፤ ለአራት፣ ለአምስት፣ ለስድስት፣ ለሰባት፣ ለስምንት፣ ለዘጠኝ፣ ለአሥርም ይከፈላል፣ አንዲት ክር ሳትተርፍ። አሥራ አንድ ላይ ሲደርስ ያኮርፋል፤ አሥራ ሁለት ላይ ደግሞ ይታረቃል። ስለዚህ ገዢው ባለ ሰባት ክር መስመር ያለው ጨርቅ ቢፈልግ፣ ባለ ስምንት ቢፈልግ፣ ባለ ዘጠኝ ቢፈልግ፣ የሚቀየረው ቀለሙ ነው እንጂ የድሩ ልክ አይደለም። ድሮ የነበረ አንድ ሒሳብ አዋቂ ጸሐፊ፣ ቁጥሩ በስድሳ መንገድ እኩል እንደሚከፈል ነግሯት ነበር። እሷ በጣቷ ሃያ ሦስቱን ደርሳባቸዋለች፤ የቀሩትን በእምነት ተቀብላለች።

ጉልበቷ እምቢ በሚላት ቀን፣ ከዚህ ቁጥር ጋር ትዳር የያዘች ይመስላት ነበር። ባሏ ገና በጠዋቱ ሞቶባታል። ቁጥሩ አልሞተም።

ከቀድሞዎቹ ቆጣሪዎች የወረሰችው አንድ ልማድም አለ። የድሩን የመጀመሪያ ክር «አንድ» አይሉትም፤ «ራስ» ነው የሚሉት። ራስ፣ ሁለት፣ ሦስት እያሉ ሰባ ይደርሳሉ። ከሁለተኛው እስር ጀምሮ ግን እንደ ማንኛውም ሰው አንድ፣ ሁለት ብለው ይቀጥላሉ። ራስ በአንድ ድር አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚባለው። እሷን ያስተማረቻት እግሯን የምታነክስ ሴት እንዲህ ስትል ሰማች፤ እሷም እንዲሁ አለች።

አሁን ጡረታ ልትወጣ አራት ወር ቀርቷታል። አንድ ልጅ አላት፤ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። ከተጫነ መኪና ላይ ወድቆ ወገቡን ከተመታ አሥር ወሩ ነው፤ ከአልጋ ወደ ወንበር፣ ከወንበር ወደ አልጋ ነው ኑሮው። ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ እሷ፣ ልጇ፣ ምራቷና አንዲት የልጅ ልጅ አሉ። ምራቷ ፈጣን ናት፤ ትምህርቷን እስከ አሥረኛ ክፍል ተምራለች፤ እጇ ሥራ አይመርጥም። አሮጊቷ ደጅ ጠንታ ፋብሪካ አስገባቻት። አለቃው ሦስት ወር ትፈተንና ካለፈች እርስዎ ሲወጡ በርጩማው የእሷ ነው ብሎ ቃል ገባ። ከሦስቱ ወር የቀረው አንድ ሳምንት ነበር። ከዚያ በርጩማ ሌላ ለዚያ ቤት የሚሆን ተስፋ አልነበረም፤ ይህን አራቱም ያውቁታል፣ የአምስት ዓመቷ ልጅ እንኳን።

ነገሩ የጀመረው ማክሰኞ ከምሳ በፊት ነው። ድሩ ከተቆጠረ በኋላ ወደ ክር ሰኪዋ ይሄዳል። ክር ሰኪዋ እያንዳንዱን ክር በአንድ የሽቦ ዓይን ታሾልካለች። ሽቦዎቹ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ተጠጋግተው ተደርድረዋል፤ አምስት ሺህ አርባ ዓይን ነው ያላቸው፤ እያንዳንዱ ዓይን በፋብሪካው አጠራር «ቤት» ይባላል። ለአንድ ክር አንድ ቤት ነው። ይህን ሥራ ሃያ ስምንት ዓመት የሠራችው ሴት ቅጽል ስሟ መርፌ ነው፤ ቀጭን ናት፣ ስትናገርም ትወጋለች። ያን ዕለት፣ ሁለት ቀን ያህል ስትሰካ ቆይታ ጠርዙ ጋ ስትደርስ ቤቱ አለቀ፤ ክሩ ግን አላለቀም። አንዲት ክር ጣቷ ላይ ተንጠልጥላ ቀረች።

«ድፍን፣ እስቲ ነይ» ብላ ተጣራች። «ይቺ ልጅሽ ቤት የላትም።»

እማማ ድፍን በርጩማዋን ተደግፋ ተነሳች። ክሯን አየቻት፤ ነጭ ናት፣ እንደ ሌሎቹ ናት፣ ምንም የተለየ ነገር የላትም።

አለቃው መጣ። ገና አርባ ያልሞላው፣ ሲያስብ ከንፈሩን የሚነክስ፣ ካልኩሌተር ከኪሱ የማይለይ ሰው ነው። ክፉ አይደለም፤ እሱም ከበላዩ አለቃ አለው። የድሩን ወረቀት አወጣና አነበበው። ሰባ ሁለት እስር፣ ድፍን ይላል፤ ምራቲቱ ቆጥራ ፈርማበታለች፣ አማትየዋ አይታ ፈርማበታለች። ድሩ ድፍን ከሆነ አንድ ቤት ባዶ ቀርቷል ማለት ነው አለ። አንድ ቤት ከተዘለለ ከዚያ ወዲህ ያለው ስኪያ ሁሉ አንድ አንድ ቤት ፈቀቅ ብሏል፤ ስለዚህ ይፈታና እንደ አዲስ ይሰካ።

መርፌ አንድም ቤት አልዘለልኩም አለች። ባትሪ ይዛ ሽቦዎቹን አንድ በአንድ አየች፤ ነገር ግን ክሩ ከተሰካ በኋላ በዚያ ጥቅጥቅ ባለ ሽቦ ውስጥ አንድ ባዶ ዓይን መፈለግ ራስ ላይ የበቀለውን ፀጉር ቆጥሮ የጎደለውን እንደ መፈለግ ነው። አለቃው እስከ ሐሙስ ከሰዓት ጊዜ ሰጣት። ባይገኝ ይፈታል፤ እሷም ማስጠንቀቂያ ይጻፍባታል። መርፌ በምላሷ ምክንያት ሁለት ማስጠንቀቂያ ነበራት። ሦስተኛው ስንብት ነው።

«እኔ እቆጥረዋለሁ» አለች እማማ ድፍን። «ከማሽኑ ጀርባ፣ ድሩ ከጥቅሉ ላይ ተወጥሮ በሚመጣበት በኩል።»

አለቃው ዓይኗን አየ። የግራው ዓይኗ ላይ ሞራ እንደ ወተት ቆዳ ተጋርዷል፤ ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አያነሳውም። «እንደፈለጉ፣ እማማ» አለ።

ማክሰኞ ከሰዓት በሰባ በሰባ ቆጠረች። ከማሽን ጀርባ መቀመጥ እንደ በርጩማዋ አይደለም፤ አንገት ይሰብራል፣ ብርሃኑም ከጎን ነው የሚመጣው። ሰባ ሁለት እስር ሞላና አንዲት ክር ተረፈች። እስሮቹን ፈትታ፣ ረቡዕ ጠዋት ደግሞ በሰማንያ በሰማንያ ቆጠረች፤ ስድሳ ሦስት እስር ሆነና አንዲት ክር ተረፈች። ከምሳ በኋላ በዘጠና ሞከረችው። ሃምሳ ስድስት እስር። አንዲት ክር ተረፈች።

ለእሷ ከዚህ በላይ ምስክር አያስፈልግም ነበር። አምስት ሺህ አርባ ለሰባም ለሰማንያም ለዘጠናም ይከፈላል፤ በሦስቱም አንድ አንድ ክር ከተረፈ፣ ይህ ድር ከአምስት ሺህ አርባ በአንድ ይበልጣል። ለሁሉም እሺ የሚለው ቁጥር አንዲት ክር ሲጨመርበት ለሁሉም እምቢ የሚል ሆነ። ከሁለት እስከ አሥር፣ ከዚያም በአሥራ ሁለት ብትሞክረው ያው ትርፍ እንደሚወጣ ሳትቆጥር ታውቃለች። የመርፌ ስኪያ ልክ ነው።

አለቃውን ጠርታ ነገረችው። አዳመጣት፣ ከንፈሩን ነከሰ። ሦስቴ ቆጥረው ሦስቴም ትርፍ ካወጡ፣ አለ በለሰለሰ ድምፅ፣ ያው ዓይን ያንኑ ስህተት ደጋግሞ ሠርቶም ሊሆን ይችላል፤ ጠርዙ ላይ ያለችውን ክር ሁለቴ እየቆጠሯት ይሆናል። ለሠላሳ ዓመት ትርፍ ያለበት ቆጠራ አይፈረምበትም ስትሉን የኖራችሁት እናንተ ናችሁ። ድፍን ያምጡልኝና እፈርማለሁ።

መርፌ ከሽቦዎቹ ወዲያ ሆና ሰማች። «ተይው እባክሽ» አለች። «ቤትሽ ሄደሽ እግርሽን ለብ ባለ ውሃ ንከሪ።» እንዲህ ስትል እንኳ ቀና አላለችም። ድሮ፣ እማማ ድፍን አራስ በነበረችበት ጊዜ፣ መርፌ የራሷን ሥራ ጨርሳ የእሷን ድር ስትቆጥርላት ነበር የከረመችው፤ ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን አንስታባት አታውቅም። ሌላውን ሁሉ ታነሳለች፣ ያንን ግን አንስታ አታውቅም።

እማማ ድፍን ያን ዕለት ምንም ቢጨንቃት፣ በዚያ ፋብሪካ ድፍን የማይሆን ነገር እንዴት እውነት መሆን እንደሚችል ማስረዳት አቃታት። ከዚህ ሌላ ደግሞ ወደ ልቧ እንዳይገባ በር ላይ የምትገፋው ሐሳብ ነበር። የመርፌ ስኪያ ልክ ከሆነ፣ የተሳሳተው ቆጠራው ነው። ቆጠራው ደግሞ የምራቷ ነው።

ሐሙስ ጠዋት ልጇ ስፖርት ይሠራ ነበር። ሐኪም ያዘዘለት ነው፤ ጀርባው ላይ ተንጋሎ ወገቡን ከፍ ዝቅ ማድረግ፣ ጠዋት ጠዋት አሥር ጊዜ። ሚስቱ አጠገቡ ተንበርክካ ትቆጥርለታለች። እማማ ድፍን በሩ ጋ ጫማዋን እየታገለች ነበር።

«ራስ» አለች ምራቲቱ፣ ፋብሪካ ከገባች ወዲህ ቤቱን ሁሉ እንደ ድር እየቆጠረች ታስቃቸዋለች። «አንድ… ሁለት… ሦስት…»

አሥር ስትል ልጅየው ተዘርሮ ቀረ፤ ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ ብሏል።

«አሥር ነው የታዘዝኩት» አለ። «አንቺ ሁልጊዜ አሥራ አንድ ነው የምታሠሪኝ።»

«አሥር ነው ያልኩት።»

«ራስን የት አደረግሽው? በራስም እኮ ተነስቻለሁ። ወገቡ የእኔ ነው፣ እኔ ነኝ የማውቀው።»

ባልና ሚስት ተሳሳቁ። እማማ ድፍን ግን አንድ እግሯ ጫማ ውስጥ፣ አንዱ ውጭ ሆኖ እንዳጎነበሰች ቀረች። ሦስት ወር አጠገቧ አስቀምጣ ስታስተምራት የመጀመሪያዋ ክር ራስ ትባላለች ብላታለች። ከራስ ቀጥሎ ሁለት ነው ብላት ግን አታውቅም። ይሄም ይነገራል እንዴ? ራስ ማለት አንድ ነው፤ ለእሷ ይህ ከእናት ሆድ አብሮ የሚወጣ ዕውቀት ነበር። ደግሞም እስካሁን የድሩን የመጀመሪያ እስር የምታስረው እሷ ራሷ ነበረች፤ ምራቷ ከሁለተኛው ትቀበላታለች። ከራስ ጀምራ ብቻዋን የቆጠረችው ይህ ድር የመጀመሪያዋ ነው። አሮጊቷ ያን ቀን ሐኪም ቤት ለዓይኗ ቀጠሮ ኖሯት አርፍዳ ነበር የመጣችው፤ እስሮቹን ብቻ ቆጥራ፣ ሰባ ሁለት ሲሆኑላት ፈረመች። እስሩ ውስጥ ያለውን አላየችም። የመጀመሪያው እስር ሰባ ሳይሆን ሰባ አንድ ነበር።

መንገድ ላይ ነገረቻት። ሁለቱ በአስፋልቱ ዳር ጎን ለጎን እየሄዱ ነበር፤ ምራቲቱ ለአማቷ እርምጃዋን እያሳጠረች። የመጀመሪያውን እስር ስታስሪ ከራስ ቀጥሎ ምን አልሽ ብላ ጠየቀቻት። ምራቲቱ ቆመች። አውቶቡስ አልፎ፣ ሌላ አውቶቡስ አልፎ፣ እሷ እንደቆመች ነበር።

«አንድ ነው ያልኩት» አለች በመጨረሻ።

«አዎ።»

«እማዬ፣ ሌላ ማን ያውቃል?» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «እኔና እርስዎ ብቻ ነን።»

እማማ ድፍን መንገዷን ቀጠለች። ልትቆጣት አልፈለገችም፤ እሷም ከጫማዋ ጋር ስትታገል ይኸው ሐሳብ በልቧ አልፎ ነበርና። ዝም ካሉ መርፌ ትባረራለች፣ በርጩማው ይተርፋል። ከተናገሩ መርፌ ትተርፋለች፣ በርጩማው ይሄዳል። ለሁለት ቢከፍሉት አንድ ይተርፋል፤ ለሦስት ቢከፍሉት አንድ ይተርፋል። ድካሙ ከጉልበቷ ተነስቶ ጥርሷ ድረስ ተሰማት።

ፋብሪካ ስትደርስ ገና ምን እንደምታደርግ አልቆረጠችም ነበር። ከማሽኑ ጀርባ ሄዳ ተቀመጠች፤ መቀመጫ ያለው እዚያ ስለሆነ ነው የተቀመጠችው። መርፌ ከወዲያ በኩል እጇን አጣምራ፣ የሰዓቱን መሄድ ትጠብቃለች። ምራቲቱ የነገውን ድር ትዘረጋለች፤ ወደ እነሱ አታይም።

ጣቷ ሥራ ስላጣ መቁጠር ጀመረ። ምራቷ እንዴት እንደሳተችው ለማየት ያህል፣ በእሷ አነጋገር ጀመረችው። ራስ፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት… ሰባ። አሰረች። ሰባ አንድ ክር። እዚህ ላይ ማቆም ነበረባት፤ ማየት የፈለገችውን አይታለች። ግን ደክሟት ነበር፤ የደከመው ሰው ደግሞ ከማቆም ይልቅ መቀጠል ይቀለዋል። ሁለተኛውንም እስር በራስ ጀመረችው። ሦስተኛውንም። በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ ራስን በአንድ ድር ሁለት ጊዜ ብላ አታውቅም፤ አሁን ግን እስር ሁሉ ራስ ያለው ሆነ። ራስ፣ አንድ፣ ሁለት፣ እያለች፣ ዓይኗን አንዳንዴ ጨፍና በጣቷ ብቻ እየተመራች፣ የምሳ ደውል ተደውሎ ሰው ሁሉ ሲወጣ እሷ አልተነሳችም። መርፌም አልተነሳችም።

ጠርዙ ጋ ስትደርስ፣ «ሰባ» አለችና ጣቷን ወደ ቀጣዩ ክር ላከችው። ቀጣይ ክር አልነበረም። ጣቷ አየር ነካ።

ድጋሚ ዳሰሰች። የማሽኑ ብረት ነው፣ ቀዝቃዛ ነው። ያቺ ሦስት ጊዜ ትርፍ ሆና የቀረችው ክር እስሩ ውስጥ ገብታለች፤ የመጨረሻው እስር «ሰባ» ሆናለች። እስሮቹን ቆጠረች። ሰባ አንድ ናቸው። ሰባ አንድ እስር፣ በእያንዳንዱ ሰባ አንድ ክር።

«ድፍን» አለች። አልጮኸችም፤ ከአፏ ነው ያመለጣት።

መርፌ ከሽቦዎቹ ወዲያ ቀና አለች። «ምን አልሽ አንቺ?»

አለቃው ከምሳ ሲመለስ ሁለቱ አሮጊቶች ጎን ለጎን ተቀምጠው አገኛቸው። እማማ ድፍን ቀያዮቹን እስሮች አሳየችው። ሰባ አንዱን እሱም አብሯት ቆጠረ፤ ሦስት እስር መርጦ ፈትቶ ውስጣቸውን ቆጠረ፤ በእያንዳንዱ ሰባ አንድ ነው። ካልኩሌተሩን አወጣ። ሰባ አንድ ጊዜ ሰባ አንድ። አምስት ሺህ አርባ አንድ። እንደገና ነካካው፤ ያው ነው።

«ለሰባ እምቢ፣ ለሰማንያ እምቢ፣ ለዘጠና እምቢ» አለ ለራሱ። ካልኩሌተሩ ላይ ሌላ ሌላም ሞከረ፤ በሁለት፣ በሦስት፣ በአሥራ ሰባት፣ በሃያ ዘጠኝ። ነጥብና የቁጥር ጭራ ብቻ ይወጣለታል። «ከሰባ አንድ በቀር ለማንም አይከፈልም እንዴ?»

«በራሱ ልክ ብቻ ነው የሚገባው» አለች እማማ ድፍን።

አለቃው ወረቀቱን አውጥቶ ጉልበቱ ላይ አስደግፎ ፈረመ። ስኪያው ልክ ነው፤ መርፌ ላይ ምንም አይጻፍም። ከዚያ ብዕሩን ሳይከድን የመጀመሪያውን ወረቀት አየ፤ የሁለቱን ቆጣሪዎች ፊርማ።

«ታዲያ መጀመሪያ ማን ነው የሳተው?»

እማማ ድፍን ስለ ቃሉ ነገረችው። ራስ የሚባል አጠራር እንዳለ፣ ከእሱ ቀጥሎ ሁለት እንደሚባል፣ ይህን ለምራቷ ሳትነግራት እንደቀረች። እስሩን ፈትታ ሳታይ የፈረመችውም እሷ እንደሆነች። «ቃሉም የእኔ ነው፣ ፊርማውም የእኔ ነው» አለች። «እሷ ያስተማርኳትን ነው ያለችው። የሚጻፍ ካለ እኔ ላይ ጻፍ፤ ለአራት ወር ምን ይጎዳኛል።»

ምራቲቱ በዚህ ጊዜ ክሩን ለቃ መጥታ ከኋላቸው ቆማ ነበር። «የመጀመሪያውን እስር ያሰርኩት እኔ ነኝ» አለች። ጠዋት መንገድ ላይ ማን ያውቃል ያለችው ያችው ሴት ናት። ሁሉም ሰማ።

አለቃው ዓይኑን በሁለት እጁ አሸ። የበላይ አለቃው ምን እንደሚለው እያሰበ ይሆናል። አንዱ ሲደብቅ አንዱ ሲያሳብቅ ለምጄ ነበር፣ እናንተ ደግሞ ጥፋት ትሻማላችሁ አለ። መርፌ በበኩሏ፣ ለእኔም ትንሽ አስቀሩልኝ፣ ሁለት ቀን ሙሉ ስጠረጠር ቆይቼ ባዶ እጄን ልቅር ወይ አለች። ማንም አልሳቀም፤ እሷም እንዲስቁ አልጠበቀችም።

የወሰነው እንዲህ ነው። የምራቲቱ ፈተና አንድ ወር ይጨመርበታል፤ በዚያ ወር ካልሳተች በርጩማው የእሷ ነው። እማማ ድፍን ከሰኞ ጀምሮ አትቆጥርም፤ የተበጠሰ ክር የሚቀጥሉ ሴቶች ያሉበት አግዳሚ ላይ ተቀምጣ አራቱን ወር ትጨርስ። ዓይንዎም ያርፋል አላት። ቅጣት ይሁን ምሕረት ከድምፁ አይለይም፤ እሱም የለየው አይመስልም። ራስ የሚለው ቃል ደግሞ ከዛሬ ጀምሮ ቀርቷል። ይህን ሲል ወረቀት ቀደደና በትልልቁ ጽፎ ግድግዳው ላይ ለጠፈው፦ ቆጠራ ከአንድ ይጀምራል።

መርፌ መቀሷን አነሳች። ያችን ክር ከጠርዙ ላይ በሁለት ጣቷ ይዛ ቆረጠቻት፤ ጥቅልል አድርጋ ቁርጥራጭ የሚጣልበት ቅርጫት ውስጥ ጣለቻት። «ተገላገልን» አለችና ማሽኑን እንዲያስነሱት ለወንዶቹ በእጇ ምልክት ሰጠች።

ማምሻውን ሲመለሱ ሁለቱ ብዙም አልተነጋገሩም። ቤታቸው አጠገብ ያለው ዳገት ላይ ምራቲቱ የአማቷን ክንድ ያዘች። ግን ለምንድነው ራስ የምትሉት ብላ ጠየቀቻት።

እማማ ድፍን ትንፋሿ እስኪመለስ ቆመች። እውነቱን ለመናገር በደንብ አታውቀውም። ያስተማረቻት ሴትዮ አንድ ቀን፣ በምሳ ሰዓት ይመስላታል፣ አንድ ያልኩት እንደሆነ ብቻውን ይመስለኛል ብላ ነበር። ራስ ካልሽው ግን ከኋላው የሚመጣ አለ።

«እንዲያ ነበር የምትለው» አለቻት። «ሌላ አላውቅም። ነይ እንሂድ፣ ጉልበቴ እየቆረጠመኝ ነው።»

ሰኞ ዕለት እማማ ድፍን አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። የተበጠሰ ክር መቀጠል ዓይን አይፈልግም፤ ጣት ነው የሚፈልገው፤ ሁለቱን ጫፍ አገናኝቶ ማጠፍ፣ ማሾለክ፣ መሳብ። አጠገቧ ያሉት ሴቶች ስለ ልጆቻቸው ያወራሉ። በአዳራሹ ማዶ ምራቷ በርጩማዋ ላይ ተቀምጣ፣ ጀርባዋን ቀጥ አድርጋ፣ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ወረቀት አንዴ አየችና ጣቷን የመጀመሪያው ክር ላይ አሳረፈች።



«አንድ» አለች፤ ጥርት ባለ፣ ሁሉም በሚሰማው ድምፅ።

እማማ ድፍን ጉልበቷ ላይ ያለውን ክር ቋጠረችና፣ ከንፈሯን ብቻ አንቀሳቅሳ፣ «ሁለት» አለች።